ቆሞ የሚሞቅ፣ ሲነዳ የሚበርድ ሞተር፦ ቴስታታው ከመከፈቱ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ለሌሎችም እንዲገባ ጥያቄህን ባጭሩ ላስቀምጠው፦ መንገድ ተዘጋግቶ ስትቆም የሙቀት መለኪያው (ጌጁ) ወደ ቀዩ ይወጣል፣ ስትነዳ ይወርዳል። ቴርሞስታቱን፣ ማለትም እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን፣ አስወጥተኸዋል፣ ለውጥ የለም። በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ትጨምራለህ። አሁን ደግሞ «የቴስታታ ጋስኬት ሄዷል፣ ይከፈት» ተብለሃል። (ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፤ ጋስኬቱ በእሱና በታችኛው ብሎክ መካከል ያለው ማሸጊያ ነው።)

አይከፈት። ቢያንስ ገና አይከፈት።

ሞተሩ የሚሞቅበት ሰዓት ራሱ የበሽታውን ግማሽ ይናገራል። ቆሞ የሚሞቅና ሲሄድ የሚበርድ ከሆነ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ አየር ነው። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ራዲያተሩን ያበርድለታል፤ ሲቆም ግን ያን ሥራ የሚሠራው ፋኑ ብቻ ነው። ተቃራኒው፣ ማለትም ቆሞ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ሲነዳ የሚሞቅ፣ የውሃ ዝውውር ችግር ነው፦ ውስጡ የተደፈነ ራዲያተር፣ ክንፉ በዝገት የተበላ የውሃ ፓምፕ፣ በከፊል ብቻ የሚከፈት ቴርሞስታት፣ ወይም ነዳጅ ሲረገጥ ፓምፑ ሲስበው የሚጣበቅ የታችኛው ጎማ ቱቦ። ቆመም ሄደም በተነሳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሽቅብ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ውሃው ጎድሏል፣ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል፣ ወይም እውነትም ጋስኬቱ ነው። ያንተ የመጀመሪያው ነው። እንዲያውም ቴርሞስታቱ ወጥቶም ቆሞ መሞቁ ጥርጣሬዬን ያጠነክረዋል። ውሃው ያለ ከልካይ እየዞረ ካልበረደ፣ ያጣው አብዛኛውን ጊዜ ራዲያተሩን አልፎ የሚሄድ አየር ነው።

ስለዚህ ከፋኑ ጀምር። ሞተሩን አስነሳና ኤሲ ክፈት፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ፋኑ ወዲያው ወይም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መነሳት አለበት። ካልተነሳ ፊውዙን እይ፤ ከዚያ ሪሌውን (የፋኑን ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋውን) በዚያው ሳጥን ውስጥ ካለ ተመሳሳይ ቁጥር ካለው ሌላ ሪሌ ጋር አቀያይረህ ሞክር። አሁንም ካልሆነ የፋኑን ሶኬት ንቀልና ፊውዝ ባለው ወፍራም ገመድ ከባትሪው በቀጥታ 12 ቮልት ስጠው። ቀጭን ገመድ አትጠቀም፤ አንዳንዱ ፋን 20 አምፔርና ከዚያ በላይ ይስባል፣ ገመዱ ይቀልጣል። በቀጥታ ሲሰጠው ከዞረ የፋኑ ሞተር ደህና ነው፣ ችግሩ ያለው ሪሌው፣ የሙቀት ሴንሰሩ ወይም መሐል ያለው ገመድ ላይ ነው። ካልዞረ፣ ወይም በእጅ ገፋ ሲደረግ ብቻ የሚነሳ ከሆነ የፋኑ ሞተር ተበላሽቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍለት ካርቦን አልቆ ነው። ይህን ሁሉ ስትሠራ ጣትህን ከፋኑ አርቅ፤ ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን በድንገት ሊነሳ ይችላል።

ፋኑ መዞሩ ብቻ አይበቃም። አንድ ወረቀት ከፊት ለፊት፣ ኮንደንሰሩ (ከራዲያተሩ ፊት ያለው የኤሲው ማብረጃ) ላይ አስጠጋ፤ ተስቦ ከተለጠፈ ጥሩ ነው፣ ከተገፋ ሽቦው ተገልብጦ ፋኑ ወደ ኋላ እየዞረ ነው። ፋን የተቀየረለት መኪና ላይ ይህ ስህተት ከሚገመተው በላይ ያጋጥማል። ፋኑን የሚከበው ፕላስቲክ ሽፋንም በቦታው ይኑር፤ እሱ ከሌለ ፋኑ ያንኑ ሞቃት አየር ከጎን እየሳበ ያሽከረክረዋል። በቺንጋ የሚዞር ፋን ከሆነ ደግሞ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ አጥፋና በእጅህ አዙረው፤ ሳይከብደው ብዙ ከዞረ፣ ወይም መሐሉ ላይ የዘይት አቧራ ከተጋገረ፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ፈስሷል ማለት ነው፤ ይቀየር።

በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል ባትሪ መብራት አብራና ተመልከት። ከፊት ንጹሕ የሚመስለው ራዲያተር መሐሉ ላይ አቧራ፣ ነፍሳትና ቅጠል እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎበት ይገኛል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በዝግታ በሚፈስ ውሃ እጠበው። የመኪና ማጠቢያ ከፍተኛ ግፊት ግን ቀጫጭኖቹን ክንፎች አስተኝቶ የባሰ ይደፍነዋል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ክዳኑ ነው፣ ብዙ ሰው የሚንቀውም እሱን ነው። የራዲያተር ክዳን መክደኛ ብቻ ሳይሆን የግፊት ቫልቭ ነው። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛለህ፤ በባር የሚለካ ግፊት ነው። በዚያ ግፊት ውስጥ ያለ ንጹሕ ውሃ ከ100 ዲግሪ አልፎ 120 አካባቢ እስኪደርስ አይፈላም። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ውሃውን ክፍት ድስት ያደርገዋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ላይ ክፍት ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ብዙ ፋኖች ደግሞ ከ92 እስከ 100 ዲግሪ ባለው መካከል ነው የሚነሱት። ስለዚህ ከፍታ ቦታ ላይ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ፋኑ ሳይነሳ ውሃው ይፈላል፣ ወደ ትርፍ ማጠራቀሚያው ይተፋል፣ ከዚያም ይፈስሳል። በየሁለት ሦስት ቀኑ የምትጨምረው ሊትር የሙቀቱ ምክንያት ሳይሆን ውጤቱ ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው። የጎማውን ማኅተም እየው፤ ከተሰነጠቀ አትከራከረው፣ ባለቁጥሩን ተመሳሳይ ግዛ። ቁጥሩን ከፍ አድርገህ አትግዛ፤ ግፊቱ ቀጥሎ ደካማውን ቱቦ ይፈልጋል። ሞተሩ ሲበርድ የላይኛው ቱቦ ተጨምቆ ከተገኘ ደግሞ ክዳኑ መሐል ያለችው ትንሿ የመመለሻ ቫልቭ ተጣብቃለች።

ቀጥሎ ውሃው የት እንደሚሄድ ፈልግ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የእጅ ፓምፕ ያለው የግፊት መመርመሪያ በራዲያተሩ አፍ ላይ ይገጠምና ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ቁጥር ይሞላል፤ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ መቆየት አለበት። ከወረደ የቱቦ ማሰሪያዎችን፣ የራዲያተሩን ፕላስቲክና አሉሚኒየም መጋጠሚያ፣ የውሃ ፓምፑን ማልቀሻ ቀዳዳ ተመልከት። ደረቅ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱካ የቆየ ፍሳሽ ምልክት ነው። ውጭ ላይ ምንም ከሌለ የተሳፋሪውን እግር ምንጣፍ ዳስስ፤ ከረጠበና መስታወቱ ጉም ለብሶ ጣፋጭ ሽታ ካለ የሚያፈሰው ሂተሩ ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ግፊቱ ከወረደ ያኔ ጋስኬቱን እንጠርጥር። እሱም ቢሆን ሳይከፈት ይመረመራል። አድሮ የቀዘቀዘ ሞተር ሲነሳ የላይኛው ቱቦ ውሃው ገና ሳይሞቅ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ከጠጠረ የቃጠሎ ጋዝ እየገባ ነው። ካንዴላዎቹን አውጥተህ አስተያይ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ በእንፋሎት እንደታጠበ ከነጣ ውሃ የሚጠጣው ሲሊንደር እሱ ነው። ሰማያዊው የጋዝ መመርመሪያ ፈሳሽ ራዲያተሩ አፍ ላይ ወደ ቢጫ ከተቀየረ ክርክሩ አለቀ። ዘይቱ ወተት መምሰሉን ብቻ ግን እንደ መጨረሻ ማስረጃ አትውሰድ፤ አጭር መንገድ ብቻ የሚነዳ መኪና የዘይት ክዳኑ ሥር ከጤዛ ብቻ ያን ዓይነት አረፋ ይሠራል።

መከፈቱ ግድ ከሆነ «ጋስኬት ብቻ ቀይርልኝ» አትበል። የጋለ አሉሚኒየም ቴስታታ ይጣመማል። ቀጥ ያለ ማስመሪያ በርዝመቱም በሰያፍም ተደርጎ 0.05 ሚሊሜትር ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት) ከሥሩ ከገባ የመኪናው መጽሐፍ ከሚፈቅደው ጋር ይነጻጸር፤ ካለፈ ማሽን ሾፕ ሄዶ ይስተካከል፣ ስንጥቅም ይፈተሽ። ብሎኖቹ ከዳር ወደ መሐል ይላላሉ፣ ከመሐል ወደ ዳር በየደረጃው በቶርክ መፍቻ ይጠብቃሉ። የብሎክ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ከቀረ ብሎኑ ሲጠብቅ ፈሳሹ መሄጃ አጥቶ ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ በአየር ይነፉ።

ቴርሞስታቱን መልሰህ አስገባ። ማውጣቱ መፍትሔ ሆኖ የቆየ ልማድ ነው፣ ጉዳቱ ግን ብዙ ነው፦ ሞተሩ በረጅም መንገድ ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል። ታችኛው ሰሌዳው የማለፊያውን ቀዳዳ (ውሃው ወደ ራዲያተሩ ሳይሄድ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን) የሚዘጋ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሲወጣ ሙቁ ውሃ በከፊል ራዲያተሩን ሳይነካ ይመለሳል፤ ለማብረድ የወጣው ራሱ ያሞቃል። አዲሱን በክር አንጠልጥለህ ድስት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ሞክረው፤ ላዩ ላይ በተጻፈው ቁጥር፣ 82 ወይም 88፣ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። ከፍታ ቦታ ላይ ግን ድስቱ ራሱ ቶሎ ስለሚፈላ 88ቱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ላታይ ትችላለህ፤ አትጣለው። ስትገጥመው ትንሿ የአየር ቫልቭ ወደ ላይ ትሁን።

ስትሞላ የወጣውን ፈሳሽ ለካ። ስድስት ሊትር ወጥቶ አራት ብቻ ከገባ ሁለት ሊትር አየር ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው፣ አየር ያለበት ሞተር ደግሞ ይሞቃል። ኩላንትና የተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ ቀላቅል። የቧንቧ ውሃ ብቻ ዝገትና ደለል ይተዋል፤ ኩላንቱን ማብዛትም ሙቀት የመሸከም አቅሙን ይቀንሰዋል። ቀለም ዓይነቱን አይነግርህም፣ የተለያየ አትቀላቅል። ፍሳሽ ይዘጋል ተብሎ የሚጨመረውን ዱቄት ተወው፤ መጀመሪያ የሚዘጋው የሂተሩንና የራዲያተሩን ቀጭን ቱቦዎች ነው። የመኪናውን አፍንጫ ከፍ አድርግ፣ ሂተሩን ሙሉ ሙቅ ክፈት፣ የአየር ማስወጫ ብሎን ካለው አላላው፣ በቀዝቃዛው ክዳኑ ክፍት ሆኖ አስነሳው፤ አረፋው እስኪያበቃና ሂተሩ እኩል ሙቅ አየር እስኪሰጥ ሙላ፣ ከዚያ ክደን።

እስከዚያው መንገድ ላይ ከሞቀብህ ኤሲ ዝጋ፣ ሂተር ሙሉ ክፈት፣ ጥግ ያዝ፤ ቀዩን ከነካ አጥፋ። ክዳኑን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አትንካ፣ በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አትድፋ፤ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ጌጁ ከቀይ ተነስቶ በድንገት ወደ ታች ቢወድቅ በረደ ብለህ አትቀጥል፤ ውሃው ከሴንሰሩ በታች ወርዶ ሴንሰሩ እንፋሎት ወይም ባዶ አየር እየለካ ሊሆን ይችላል።

ጥገናው ሲያልቅ ኤሲውን ዘግተህ መኪናውን አቁመህ 20 ደቂቃ አስነሳው። ፋኑ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ሁለት ጊዜ ራሱን ማጥፋት አለበት፣ ጌጁም ከቦታው መነቃነቅ የለበትም። ከዚያ ኤሲውን ከፍተህ አሥር ደቂቃ ጨምር። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቀዝቃዛ እያለ፣ ማጠራቀሚያው ላይ የውሃውን ልክ በማርከር ምልክት አድርግና በየጠዋቱ ሞተሩ ሳይነሳ እየው፤ ለሦስት ቀን ካልወረደ ጋስኬትህ ደህና ሳይሆን አይቀርም።