ጥያቄና መልስ፦ ፊልሙ ከእውነተኛው ጉዳይ ሲለይ

ጥያቄ፦ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። «ድፍረት» የተባለውን ፊልም ለተማሪዎቼ ላሳያቸው አስቤያለሁ። በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ እንደ ማስረጃ ልጠቀምበት እችላለሁ?

መልስ፦ ለውይይት መነሻ ይሆናል፤ ለማስረጃ ግን አይበቃም። ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ የሠራው ይህ ፊልም (2014 እ.ኤ.አ.) ለጋብቻ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅን ይዞ ይነሣል። ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ትገድለዋለች፤ በነፍስ ግድያ ትከሰሳለች፤ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይቆምላታል። በፊልሙ የልጅቷ ስም ተለውጦ ሂሩት ተብሏል፤ የጠበቃዋ የመዓዛ አሸናፊ ስም ግን እንዳለ ነው። ይህ ብቻ ፊልሙ ከማን ወገን ሆኖ እንደሚያይ ይነግርዎታል። የብዙ ሰው ድካም በአንዲት ጠበቃ ትከሻ ላይ ተጭኗል፤ የክሱ ቀጠሮዎችም ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተጨምቀዋል። ፊልም ሁሉ ይህን ያደርጋል፤ ተማሪዎቹ ካላወቁት ግን ማኅበርን እንደ አንድ ጀግና ይረዱታል።

የሚሳሳቱበት ዋና ቦታ ሕጉ ነው። ዛሬ የሚያይ ወጣት «ሕግ በዚህ፣ ባህል በዚያ» ብሎ ይከፍለዋል። ያን ጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ከጠለፋት ጋር ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመ ክሱ ይቀር ነበር። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ሲያስታርቁ ሕጉም በር ይከፍትላቸው ነበር። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ያሳስራል፤ ጋብቻም ከተጠያቂነት አያድንም። የቤተሰብ ሕጉም በ1992 ሲሻሻል የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜን ከ15 ወደ 18 ከፍ አድርጓል። የሁለቱን የወንጀል ሕጎች ድንጋጌ በአንድ ገጽ አባዝተው ከፊልሙ በፊት ያንብቡላቸው።

በአንድ ክፍለ ጊዜ አያልቅም፤ ለሦስት ይክፈሉት። የሽማግሌዎቹ ውሳኔ ከመሰማቱ በፊት ያቁሙና «እናንተ ብትሆኑ ምን ትፈርዳላችሁ?» ብለው ያጽፏቸው። አስቀድመው ለብቻዎ ይመልከቱት፤ ክፍሉ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር የደረሰባት ልጅ ልትኖር ስለምትችል መውጣት የምትፈልግ እንድትወጣ በቅድሚያ ይናገሩ። ስለ ርዕሱም ይጠይቋቸው፦ ድፍረት ደፋርነት ነው፣ መደፈርም ነው።

ጥያቄ፦ ስለ መሬት ጉዳይ የ90 ገጽ ስክሪፕት ጽፌያለሁ። ያነበቡት ሁሉ «ስብከት ነው» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ «ፍትሕ»፣ «ጭቆና»፣ «ሥርዓቱ» የሚሉ ቃላት ያሉባቸውን ንግግሮች በሙሉ ያስምሩባቸው፤ ከዚያ አንድ በአንድ ይሰርዙና ትዕይንቱን እንደገና ያንብቡ። ያለ ንግግሩ ከገባ ንግግሩ ትርፍ ነበር። ካልገባ ቃል አይጨምሩ፤ የሚታይ ነገር ይፈልጉ።

የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976 እ.ኤ.አ.) እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ባላባቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዛል፤ ጭሰኞቹ ፀሐይ ላይ ይማስናሉ። ወንበሯ የመሬት ይዞታ ማብራሪያ ናት። ፊልሙ የተቀረጸው በ1966 ክረምት፣ ንጉሡ ሊወርዱ በተቃረቡበት ሰዓት ነው፤ የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ነውና ፊልሙ አዋጁን ቀድሞታል። ለዚህም ነው የእብዱ ከበበ ቁጣ እንደ መፈክር የማይሰማው፤ ካሜራው ሲቆም መፈክሩ ገና አዋጅ አልሆነም።

ሌላው ችግር ባለጋራው ሰይጣን ሆኖ መቅረቡ ነው። የእርስዎ ባለሥልጣን የሚፈራው ነገር ከሌለው ተመልካቹ ችግሩን በአንድ ክፉ ሰው ላይ ደፍድፎ ቤቱ ይሄዳል። እሱንም የሚያስጨንቅ አለቃ፣ ዕዳ ወይም ልጅ ይስጡት። ቢያንስ አንድ ትዕይንት ላይ ትክክል ይሁን።

ታሪኩ የሕያው ሰው ከሆነ ካሜራ ሳይነካ በፊት የጽሑፍ ስምምነት ይያዙ። ከላይ ያነሣነው «ድፍረት» አዲስ አበባ ላይ ሊታይ በተዘጋጀበት ምሽት በፍርድ ቤት እግድ መቆሙን አይርሱ።

ጥያቄ፦ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ፊልም ሁለት ጊዜ አይቼ ጊዜው ተምታታብኝ። ችግሩ የኔ ነው ወይስ የፊልሙ?

መልስ፦ የሁለታችሁም አይደለም፤ ሆን ተብሎ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር በ1990 እ.ኤ.አ. ወደ መንደሩ ሲመለስ እግሩን ያጣበትን አያስታውስም፤ ተመልካቹም አብሮት ይረሳል። ወረቀት ለሦስት ከፍለው «መንደር»፣ «ጀርመን»፣ «አዲስ አበባ» ብለው ይጻፉና እያንዳንዱ ትዝታ ምን አይቶ ወይም ሰምቶ እንደመጣበት ምልክት ያድርጉ። ሦስተኛውን ጊዜ እግሩን ብቻ ተከትለው ይመልከቱ።