ሁለት ጊዜ ዕድገት ላለፋቸው የባንክ ባለሙያ የተሰጠ የሙያ ምክር

ውድ ጠያቂያችን፣

በደብዳቤዎ እንደገለጹልን በአንድ የግል ባንክ ውስጥ ለስምንት ዓመታት በብድር ትንተና ሠርተዋል፤ የማስተርስ ዲግሪዎንም በባንኩ ወጪ አጠናቀዋል። ለከፍተኛ የብድር ተንታኝነት በወጣ የውስጥ ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ ተወዳድረው ሁለቱንም ጊዜ ሳይሳካ ቀርቷል። የሁለተኛው ውድድር ውጤት የተነገረዎ ከወሊድ ፈቃድ በተመለሱ ሰሞን ሲሆን፣ ኃላፊዎም «ልጅሽ ገና ትንሽ ነው፤ የመስክ ጉዞው ይከብድሻል ብለን ለአንቺው አስበን ነው» ብለውዎታል። ከዚያ ወዲህ በሌላ ተቋም ለቃለ መጠይቅ ቀርበው ሁለተኛ ልጅ መቼ እንደሚያስቡ ተጠይቀዋል። አሁን ማወቅ የሚፈልጉት ባንኩን ቢለቁ ይሻል እንደሆነ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ምን እንደሚመልሱና ምን ያህል ደመወዝ መጠየቅ እንዳለብዎ ነው።

በእኔ ግምት መልቀቅዎ የማይቀር ይመስላል፤ ዛሬ እንዲለቁ ግን አልመክርዎትም። ኃላፊዎም ሆኑ ቃለ መጠይቅ ያደረጉልዎ ሰው ስለ እርስዎ የወሰኑት በግምት ነው። ግምት ደግሞ የሚገባው የሠሩት ሥራ በጽሑፍ ተዘርዝሮ ባልቀረበበት ቦታ ነው። ዛሬ ቢወጡ በእጅዎ የሚይዙት «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በብድር ተንታኝነት አገልግላለች» የሚል አንድ ገጽ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የሚቀጥሉትን ሁለት ሦስት ወራት ሥራዎን በማስረጃ ለማስደገፍ ይጠቀሙባቸው።

በመጀመሪያ ያለፈዎትን ዕድገት ይመልከቱ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 87 ሴት ሠራተኛ በጾታዋ ምክንያት በቅጥርም ሆነ በክፍያ ልዩነት እንዳይደረግባት ይከለክላል። ለሥራ፣ ለዕድገት ወይም ለሌላ ጥቅም ከወንድ ጋር ተወዳድራ እኩል ውጤት ካመጣችም ቅድሚያ እንዲሰጣት ይደነግጋል። እኩል መሆን አለመሆንዎን የሚያውቁት ግን ነጥቡን ሲያዩ ነው። ስለዚህ ለሰው ሀብት ክፍሉ አጭርና ትሑት ደብዳቤ ጽፈው የፈተናው፣ የቃለ መጠይቁ፣ የአገልግሎት ዘመኑና የሥራ አፈጻጸም ምዘናው ነጥብ ተለይቶ እንዲገለጽልዎ ይጠይቁ። በደብዳቤው ውስጥ ኃላፊዎ ስለ ልጅዎ የተናገሩትን አያንሱ፤ የተባለበትን ቀንና ማን እንደነበረ ግን በግል ማስታወሻዎ መዝግበው ያስቀምጡ። በወሊድ ፈቃድ ላይ በነበሩበት መንፈቅ የአፈጻጸም ነጥብዎ እንዴት እንደተሞላም ይመርምሩ፤ በአንዳንድ ተቋማት ያ መንፈቅ ባዶ ተትቶ ወይም በዝቅተኛ ነጥብ ተሞልቶ አማካዩን ሲጎትት አይቻለሁ። ጉዳዩን በሕግ መንገድ ለመግፋት ካሰቡ የሥራ ክርክሮች የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ አጭር በመሆኑ ሳይዘገዩ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ፤ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም የሕግ ምክር ይሰጣል።

ሁለተኛው ወረቀት የሥራ ልምድ ማስረጃዎ ነው። ብዙዎች ይህን ደብዳቤ መጠየቅ የሚቻለው ሲለቁ ብቻ ይመስላቸዋል፤ አዋጁ ግን ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ልምድ መጠየቅ በብዙ ቢሮዎች እንደ ስንብት እንደሚቆጠር አውቃለሁ፤ ሆኖም የተለመደ ሰነድ በመሆኑ ምክንያትዎን መዘርዘር አይጠበቅብዎትም። ሲጠይቁ የተመደቡባቸው የሥራ መደቦችና ዋና ዋና ተግባሮችዎ በዝርዝር እንዲጠቀሱ ያሳስቡ፤ ዝርዝሩን ራስዎ አርቅቀው ቢያቀርቡ ጸሐፊዋም ሆነች ፈራሚው ሥራ ስለሚቀልላቸው በቀላሉ ይቀበሉዎታል።

ወደ ሲቪዎ ስንመጣ፣ ከላኩልን ቅጂ ላይ የጋብቻ ሁኔታ፣ የልጆች ብዛትና ሃይማኖት የሚሉትን መስመሮች በሙሉ ይሰርዙ። እነዚህን መጻፍ ከመሥሪያ ቤት ቅጽ የወረስነው ልማድ ሳይሆን አይቀርም፤ አመልካቿን ከጉዳት በቀር የሚያስገኝላት ነገር የለም። የወሊድ ፈቃድዎንም እንደ ክፍተት አይቁጠሩት። ከወሊድ በፊት ያለው 30 እና ከወሊድ በኋላ ያለው 90 ቀን በሕግ የተሰጠ፣ ደመወዝ የሚከፈልበት የሥራ ዘመን አካል ስለሆነ በሲቪ ላይ የሚገለጽበት ምክንያት የለም።

በተሰረዘው ቦታ ግን የሚገባ ብዙ ነገር አለ። አሁን ያለው ጽሑፍ «የብድር ጥያቄዎችን መመርመር፣ ሪፖርት ማዘጋጀት» ይላል፤ ይህ የሥራ መደቡ መግለጫ ስለሆነ እርስዎን ከጎንዎ ከተቀመጠው ባልደረባ አይለይዎትም። የትኞቹን ዘርፎች እንደመረመሩ፣ የወጪ ንግድ ይሁን የኮንስትራክሽን ወይም የእርሻ፣ ከምን ያህል ብር እስከ ምን ያህል ብር የሚደርሱ ብድሮች በእጅዎ እንዳለፉ፣ በወር በአማካይ ስንት ፋይል እንደሚያጠናቅቁ፣ ከነዚያ ውስጥ ስንቶቹ ከብድር ኮሚቴ ለተጨማሪ ማብራሪያ እንደተመለሱ በአኃዝ ይጻፉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመረመሯቸው ብድሮች አመላለስ ይታይ። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገድቦ፣ በኋላም ጣሪያውን ወደ 18 በመቶ ከፍ ስላደረገው በነዚህ ዓመታት ብዙ ብድር አለማጸደቅዎ የእርስዎን ችሎታ አያሳይም። ቀጣሪ የሚፈልገው ጥራቱን ነው፤ የተበላሸ ብድር ከጠቅላላው ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ የሚጠበቅበት ባንክ፣ የእርስዎ ፋይሎች ከዚያ በታች መሆናቸውን ሲያይ ትርጉሙን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ 9 መሠረት የሚጠበቅ የብድር ኪሳራን በማስላት ተሳትፈው ከሆነም ራሱን የቻለ መስመር ይስጡት፤ ይህን ከትንተና ሥራ ጋር አጣምሮ የሚያውቅ ሰው በገበያው ውስጥ ብዙ አይደለም። የደንበኛ ስምና ሂሳብ ግን በምንም ምክንያት እንዳይጠቀስ፤ ምስጢር የማይጠብቅ ባለሙያ ባንክ አይቀጥርም።

የት ይፈልጉ ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል፤ አክሲዮንና መሰል ሰነዶች የሚገበያዩበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ጀምሯል። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ የውጭ ባንክ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ግን ዕቅድ አይባልም። እርስዎን በቅርቡ ሊቀጥሩ የሚችሉት የአገር ውስጥ ባንኮች የስጋት አስተዳደርና የውስጥ ኦዲት ክፍሎች እንዲሁም የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ናቸው። ኢትዮጆብስንና የሪፖርተር ጋዜጣን ማስታወቂያዎች ይከታተሉ። በቴሌግራም «ቦታ አለ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅን ግን ወዲያው ይተዉት፤ ሥራና ሠራተኛ የሚያገናኝ ኤጀንሲ ከሥራ ፈላጊው ገንዘብ እንዳይቀበል ሕጉ ይከለክለዋል።

ከማስታወቂያ ይልቅ የሚያሳስበኝ ወሬው የሚገኝበት ሰዓት ነው። የባንክ ሰው ክፍት ቦታ የሚሰማው በአብዛኛው ከሥራ በኋላ በሚደረግ ቆይታ ሲሆን፣ በዚያ ሰዓት እርስዎ ልጅዎን ለመቀበል በታክሲ ሰልፍ ላይ ነዎት። ወንዶቹ ባልደረቦችዎ ብዙ ጊዜ ይህን መረጃ የሚያገኙት ሆን ብለው ፈልገውት ሳይሆን እዚያ ተቀምጠው ስለሚገኙ ነው። መፍትሔው ማምሸት አይደለም። ከባንኩ ወጥተው ወደ ሌላ ተቋም የገቡ የቀድሞ ባልደረቦችዎን፣ በተለይም ሴቶቹን፣ በምሳ ሰዓት ቡና ይጋብዙ፤ ሥራ እንዲያስገቡዎ ሳይሆን ክፍላቸው እንዴት እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚወስን፣ ደረጃውና ክፍያው ምን እንደሚመስል ይጠይቋቸው። የደመወዝ ጥያቄዎም ከዚህ የተሻለ የመረጃ ምንጭ አያገኝም።

ስለ ልጅ ለሚቀርብልዎ ጥያቄ ሁለት መልሶችን እንዲያስወግዱ እመክራለሁ፤ አንደኛው «ከእንግዲህ አልወልድም» ማለት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በቁጣ ሕግ መጥቀስ ነው። የመጀመሪያው ማንም ሊጠይቅዎ የማይገባ ቃል መግባት ሲሆን፣ ሁለተኛው እውነት ቢሆንም ቃለ መጠይቁን ያበቃዋል። ጠያቂው በውስጡ የያዘው ስጋት መስክ ትወጣለች ወይ የሚል ስለሆነ ጥያቄውን ወደ ሥራው ይመልሱት፦ «የቤተሰቤን ጉዳይ አደራጅቼዋለሁ፤ ሥራው በወር ስንት ቀን መስክ እንደሚያስወጣ ቢገልጹልኝ እንዴት እንደምወጣው ላስረዳዎ እችላለሁ» ይበሉ፤ ከዚያም በወሊድ ዓመትዎ ስንት የመስክ ግምገማ እንዳካሄዱ በአኃዝ ይንገሯቸው። በተራዎ በክፍሉ ውስጥ በኃላፊነት ላይ ያሉ ሴቶች ስንት እንደሆኑ ይጠይቁ። መልሱ ሲያመነታ ካዩ ስለ ተቋሙ የሚፈልጉትን ያህል አውቀዋል።

ደመወዝን በተመለከተ፣ በማመልከቻ ቅጽ ላይ «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ብሎ መሙላት ትሕትና ቢመስልም፣ ስኬሉ ውስጥ በታችኛው እርከን ለመቀመጥ የተሰጠ ፈቃድ ነው። ከቀድሞ ባልደረቦችዎ በሰሙት ላይ ተመሥርተው ቁጥር ይጻፉ። ቁጥሩ ጥቅል ደመወዝ መሆኑንም ይወቁ፤ በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት ከ14,000 ብር በላይ ያለው ወርኃዊ ገቢ 35 በመቶ ግብር ስለሚከፈልበትና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ስለሚቀነስ፣ 10,000 ብር ጭማሪ ተባለ ማለት ወደ ቤት የሚገባው 5,800 ብር ገደማ ነው። አሁን ምን ያህል እንደሚያገኙ ከተጠየቁ አበሉን፣ የሕክምና ሽፋኑን፣ ዓመታዊ ጉርሻውንና የሠራተኛ ብድሩን ጨምረው አጠቃላይ ጥቅሙን ይናገሩ።

የሠራተኛ ብድሩን ነገር ጠበቅ አድርጌ የማነሳው ብዙ የባንክ ባለሙያዎችን በማይፈልጉት ወንበር ላይ አሥሮ የሚያስቀምጠው እርሱ ስለሆነ ነው። የቤት ወይም የመኪና ብድር ካለብዎ ሲለቁ ወለዱ ወደ ገበያ ተመን ይቀየራል ወይስ ቀሪው በአንድ ጊዜ ይጠየቃል የሚለውን ከውልዎ ላይ ያንብቡ። ለማስተርስዎ የፈረሙት የአገልግሎት ግዴታም ስንት ወር እንደቀረውና ቢቋረጥ ምን ያህል እንደሚያስመልስ ያስሉ። አዲሱ ደመወዝ ትርፍ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከተቀነሱ በኋላ ነው፤ አንዳንድ ተቋማትም ለሚፈልጉት ባለሙያ ግዴታውን ስለሚሸፍኑ በድርድሩ ላይ ለማንሳት አይፈሩ።

የቀረበልዎ ቦታ የኃላፊነት ከሆነ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። በአዋጁ ትርጉም «የሥራ መሪ» የሚባሉ፣ ማለትም የመቅጠርና የማሰናበት ወይም የመመደብ ሥልጣን ያላቸው፣ ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ሽፋን ውጭ ናቸው። ስለዚህ የወሊድ ፈቃድ፣ የዓመት ፈቃድና የማስጠንቀቂያ ጊዜ በሥራ ውልዎ ላይ በግልጽ ተጽፈው ካልሰፈሩ ዕድገቱ ዛሬ ያለዎትን ጥበቃ ይዞብዎ ሊሄድ ይችላል። የሥራ መሪ ካልሆኑም የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን እንደማይበልጥ አረጋግጠው ይፈርሙ።

የተፈረመ የቅጥር ደብዳቤ በእጅዎ ሳይገባ መልቀቂያ አያስገቡ። ከገባ በኋላ በሕጉ የሚጠበቅብዎት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው። የባንኮች በጀት ዓመት በሰኔ ወር ስለሚዘጋና ጉርሻው ከዚያ ወዲህ የሚከፈል ስለሆነ፣ መልቀቂያዎን ከማስገባትዎ በፊት የሚለቅ ሠራተኛ ጉርሻ ማግኘት አለማግኘቱን ከባንኩ መመሪያ ያረጋግጡ፤ ከአዲሱ አሠሪ ጋርም የሥራ መጀመሪያ ቀንዎን በዚያው ልክ ይነጋገሩ።