የመርፌው ዋጋና የበሬው ዋጋ

እህቴ፣ «እናቴ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ ደሴ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ደም እንዳይረጋ ሆዷ ላይ በየቀኑ የምትወጋው መርፌ ወጪ ከበደን፤ ብንተወውስ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አብሽሪ። እኛ ትተነው የመጣብንን ልንገርሽ።

አባቴም ሐይቅ ከተማ ገበያ ሲሄዱ ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ቀዶ ሕክምናው ደህና አለፈ። መርፌው የታዘዘላቸው ለ35 ቀን ነበር፤ ከውጭ መድኃኒት ቤት ስለሆነ የሚገዛው የስምንት ቀኑን ብቻ ገዛን። «ቁስሉ ደርቆ የለም እንዴ?» አለ ወንድሜ። እኔም ኪሴን ዳስሼ ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት የግራ ባታቸው አበጠ። በጣቴ ስጫነው እንደ ሊጥ ሰርጉዶ ይቀራል። ምች ነው ተብሎ በቅቤ አሸናቸው፤ ይህን በፍጹም እንዳታደርጉ፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ደሴ ተመልሰን የደም ፍሰትን በሚያሳየው ዶፕለር አልትራሳውንድ ሲታይ የእግራቸው ትልቁ ደም ሥር ተዘግቷል። ያው የተውነው መርፌ፣ አሁን መጠኑ ጨምሮ ጠዋትና ማታ ታዘዘ። ዋርፋሪን የሚባለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኪኒንም ተጀመረ። ኪኒኑስ ርካሽ ነው፤ የሚያደኸየው ክትትሉ ነው። አይኤንአር የሚሉት፣ ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካው ምርመራ ከ2 እስከ 3 ባለው መካከል እስኪረጋ ድረስ በየጥቂት ቀኑ ከሐይቅ ደሴ ተመላለስን። ዳሌያቸው ስለማይታጠፍ ሚኒባስ ላይ የሁለት ሰው ሒሳብ እንከፍል ነበር። ሕክምናው ቢያንስ ሦስት ወር ነው፤ ያውም በአጨዳ ወቅት። አንድ በሬ ሸጥን። (እናቴ ደግሞ ጎመን የኪኒኑን ኃይል ስለሚቀንስ ክልክል ነው ብላ ከቤት አጥፍታው ነበር፤ ሐኪሙ ግን የጎመኑን መጠን አትቀያይሩ እንጂ ብሉ አለን።)

የጤና መድን አለን። ወረዳችን ተሁለደሬ በ2003 ዓ.ም. የሙከራ ሥራው ከተጀመረባቸው አንዷ ናት። ነገር ግን መድኑ የሚኒባስ ሒሳብና የባከነ የሥራ ቀን አይከፍልም። ሀብታሟ አሜሪካ እንኳ፣ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሏ እንደሚለው፣ ለደም መርጋት በዓመት እስከ 10 ቢሊዮን ዶላር ታወጣለች፤ ግማሽ ያህሉም ሕመም ከሆስፒታል ቆይታ ወይም ከቀዶ ሕክምና ጋር የተያያዘ ነው።

ስለዚህ መርፌውን በራሳችሁ አታቋርጡ። ገንዘብ እንዳጠራችሁ ለእናትሽ ሐኪም ሳታፍሪ ንገሪው፤ ለአንዳንድ ሕመምተኛ አስፕሪንን የመሰለ ርካሽ አማራጭ አለ፤ ለእናትሽ ይሁን አይሁን የሚወስነው ግን እሱ ነው። እናትሽ መራመድ ከተፈቀደላቸው ደግፋችሁ አስነሥታችሁ አራምዷቸው። ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደረታቸውን ከወጋቸው ወይም ደም ከሳሉ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

የማስወጊያ ክፍያውንም ማዳን ትችያለሽ። ነርሷን አሳይኝ በያት፤ እኔ በሁለተኛው ቀን ለምጄዋለሁ። ከእምብርት አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርገሽ፣ አንድ ቀን በቀኝ አንድ ቀን በግራ ትወጊያለሽ፤ ከወጋሽ በኋላ ቦታውን አትሺው፤ ይበልዛል።