ፓርክ ውስጥ ያለ የድሮ ቤት ይቆለፍ ወይስ ይሠራበት?

እህታችን የጠየቀችው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የወጣት ማኅበራቸው ከእንጦጦ ጀርባ ባለ ፓርክ ውስጥ አንድ ጥግ ተሰጥቶታል። እዚያ ጥግ ላይ ሳር ክዳን የጭቃ ቤት፣ ወደ ጸበል የሚያወርድ የእግር መንገድና አንድ ትልቅ ኮሶ አለ። ቤቱን አጥረው፣ የባህል ዕቃ ደርድረው በትኬት ሊያስጎበኙ አስበዋል። «ቅርሱን ሳናበላሽ እንዴት እንጠቀምበት?» ትላለች።

እኔ እዚሁ ተራራ ላይ በሌላ ፓርክ አስጎብኚ ሆኜ ጀምሬ በኋላ የባህል ቤቶቹን እስከ መያዝ ደርሻለሁ፤ ስለዚህ ረዘም ብል አትታዘቡኝ።

ቤቱን አትቆልፉት። የሳር ክዳን ቤት የሚኖረው እሳት እየነደደበት ነው። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ሳሩን ያደርቀዋል፣ ምስጡንና ነቀዙን ያባርራል። ጣራው ሥር ገብተሽ ቀና ብለሽ እዪው፤ ሰው የኖረበት ከሆነ ወራጁና ማገሩ በጥላሸት ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ያ ጥላሸት ነው ዕድሜውን ያረዘመው። እኛ ጋ ሁለት ጎን ለጎን የቆሙ ቤቶች ነበሩ። አንዱ ለጎብኚ እንዲያምር ተብሎ ተጠርጎ፣ አገልግል ተሰቅሎበት፣ ማታ ማታ ይቆለፋል። ሌላው ውስጥ አንዲት የሰፈር እናት ቡና ያፈላሉ፣ ለበዓል ድፎ ይደፋሉ። ክረምት ሲያልፍ የተቆለፈው ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል፤ በክዳኑ በኩል ጸሐይ ይታያል። የእማማ ቤት ግን ምንም አልሆነ። ጎብኚውስ የት የሚቀመጥ ይመስልሻል? ባዶ አገልግል እያየ ማን ይቆማል!

እሳት ሲባል የሚደነግጡ አለቆች አሉ፣ ልክም ናቸው። ደጃፉ ላይ በርሜል ውኃና አሸዋ ይኑር፣ እሳቱን የሚያዳፍነው ሰው በስሙ ይታወቅ፣ ነፋሻ ቀን አይነደድ። ከዚህ በላይ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

ጥገናው ላይ ግን ጠንከር በሉ። ግድግዳው ተሰነጠቀ ተብሎ ሲሚንቶ እንዳይለጠፍበት። ጭቃ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ሲለበስ እርጥበቱ ውስጥ ይታፈንና ቋሚዎቹ ከሥር ይበሰብሳሉ። ላዩ አምሮ ውስጡ አልቆ የምታገኙት ያኔ ነው። የዘይት ቀለምም ያው ነው። የሚበጀው የጤፍ ጭድ ያለበት፣ በእግር ተረግጦ ጥቂት ቀን የቦካ ጭቃ ነው፤ ምርጊቱ ደርቆ ሲሰነጠቅ ሁለተኛ ልስን ይደረብበታል። ክዳኑ ሥር ፕላስቲክ የማንጠፍ ልማድም መጥቷል፤ ለጊዜው ጠብታ ያቆማል፣ ጭሱንም ይከለክላል፣ ሳሩን ያበሰብሰዋል። ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሱሉልታ በኩል አሁንም አሉ። ልጆቻችሁን አጠገባቸው አሰልፏቸው፤ ቤቱ አንድ ነው፣ ሙያው ግን ለስንት ቤት ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሙ። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ መጠገን አይቻልም። ስትቆፍሩ ገል፣ ሳንቲም፣ አጥንት ብትመቱም እንዳለ ትታችሁ ወዲያው ማሳወቅ ነው። ደብዳቤው ጊዜ ስለሚፈጅ ዛሬውኑ ጻፉት።

ወደ መንገዱ ልምጣ። ከሁሉ በላይ ሰው የሚቀየመው እዚህ ጋ ነው። ወደ ጸበል የሚወርድ ሰው በባዶ ሆዱ፣ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚወርደው። የፓርክ በር የሚከፈተው ደግሞ ጥበቃው ቁርሱን በልቶ ነው። በወር በወር በ16 ለኪዳነ ምሕረት፣ መስከረም 1 ለራጉኤል የሚጎርፈውን ሕዝብ በር ላይ አቁማችሁ ትኬት ብትጠይቁ ከአካባቢው ጋር የተጣላችሁት ያን ዕለት ነው። እኛ ጋ የነበረው መፍትሔ ቀላል ነበር፦ የጸበሉ መንገድ የራሱ ጠባብ በር ተሠራለት፣ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነው፣ ማንም አይጠየቅም። መንገዱንም ኮብልስቶን አታንጥፉበት፤ በባዶ እግር የሚሄድ ሰው አለ።

ኮሶው ሥር መቀመጫ ከመሥራታችሁ በፊት ጎረቤቶቹን ጠይቁ። ግንዱ ላይ ቅቤ ተቀብቶ፣ ሥሩ ቄጠማ ተጎዝጉዞ ካያችሁ ባለቤት አለው ማለት ነው። በአማርኛ አድባር የምንለውን የኦሮሞ ሽማግሌዎች በራሳቸው ወግ ያውቁታል፤ በእነሱ አንደበት አስነግሩት፣ ጽሑፉንም በሁለቱም ቋንቋ አድርጉት። ሴቴው ኮሶ ከሆነ አበባው ለትል መድኃኒት እንደነበር መናገር ብቻ ለልጆች አንድ ሙሉ ጉብኝት ይሆናል። አታስቀምሷቸው እንጂ!

ባሕር ዛፉን «መጤ ነው፣ ይነቀል» የሚል ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። ከምንጩ ዙሪያ ይነሳ፣ እስማማለሁ፣ ውኃ ይጠጣል። ግን እሱም ታሪክ ነው። ምኒልክ በ1882 ዘውድ የደፉት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው፤ ከተማዋ ቁልቁል ወርዳ አዲስ አበባ ከሆነች በኋላ ማገዶ አልቆባት ልትነሳ ነበር ይባላል፤ በ1880ዎቹ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው ባለችበት ያቆያት። ከዚያ ወዲህ ቅጠልና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል ሽሮ ሜዳ ያወረዱት እናቶች ናቸው። የማገዶውን ሥራ ትተው ጋቢና ነጠላ የሚሸምኑ አሉ። ስለ እንጦጦ ከእኔ ዓይነት አስጎብኚ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ፤ የትኛው ገደል አደገኛ እንደሆነ፣ ጥበቃ ሲመጣ የት ይደበቁ እንደነበር ሁሉ። አንዷን አስጎብኚ አድርጋችሁ ቅጠሩ፣ ደመወዝ ግን ይኑራት፤ «ተጋባዥ» እየተባለች በቡና ብቻ እንዳትሸኝ።

ትኬቱን በተመለከተ፣ ለማየት አታስከፍሉ፤ ለሚሠራው ነገር አስከፍሉ። ቡናው፣ ድፎው፣ ጭቃ መርገጡ (የትምህርት ቤት ልጆች ያብዱበታል)፣ ሽመናው። ገንዘቡም መጀመሪያ ለሳርና ለጭድ ይመደብ፣ የተረፈው ለማኅበሩ።

ሳር የሚገኘው በበጋ ስለሆነ ክዳኑን ከግንቦት በፊት ጨርሱት። ፈቃዱ ቢዘገይባችሁ እስከዚያው እሳት ማንደዱን አታቋርጡ። የመሐል ምሰሶውን ግርጌ፣ አፈሩን የነካበትን ቦታ፣ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልን፤ ጽድ ከሆነ ሳይነካ ይቆይ ይሆናል፣ ባሕር ዛፍ ከሆነ ግን ቀድሞ መደገፍ አለበት።