መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ፦ የጦር መርከብ ሞዴል ለምትሠሩ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ለሙዚየሞች የመርከብ ሞዴል መሥራት ከጀመርኩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ሙጫ፣ ስለ ቀለምና ስለ ብሩሽ ነው። እሱ እጅ ሲለምድ ይመጣል። እኔ ዘግይቶ የገባኝን እናንተ ቀድማችሁ እንድትይዙት የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ የጦር መርከብ አንድ መልክ ብቻ የለውም። የሞዴሉን ሣጥን ከመክፈታችሁ በፊት የትኛውን ቀን እንደምትሠሩ ወስኑ።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ የጀርመኑ ቢስማርክ ነበር፣ በ1:350 ልኬት። እውነተኛው መርከብ ርዝመቱ 251 ሜትር ስለሆነ ሞዴሉ 72 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ሰባት ወር ፈጀብኝ። በጎኑ ያሉትን ጥቁርና ነጭ መስመሮች ተጨንቄ ተጠብቤ ቀባሁና ከሥሩ «ከእንግሊዙ የጦር መርከብ ከሁድ ጋር የተዋጋበት ዕለት፣ ሜይ 24 ቀን 1941 እ.ኤ.አ.» የሚል ጽሑፍ ለጠፍኩበት። አንድ አዛውንት ጎብኚ ጎንበስ ብለው ብዙ ካዩት በኋላ «ልጄ፣ እነዚህን መስመሮች እኮ ከውጊያው ሦስት ቀን በፊት አጥፍተዋቸዋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። መርከቡ ሜይ 19 ከጎተንሃፈን ወደብ ሲነሳ መስመሮቹ ነበሩት። ሜይ 21 ኖርዌይ ውስጥ፣ በርገን አጠገብ፣ ግሪምስታድ ፊዮርድ በሚባል ጠባብ የባሕር ሰርጥ ላይ መልሕቁን ጥሎ ሳለ ግን መርከበኞቹ ግራጫ ቀለም ቀቡባቸው። በማግስቱ ጎኑን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ እንደገና ጀመርኩ።

ያ የመጨረሻ ጉዞ በጠቅላላው ዘጠኝ ቀን ነው፤ መርከቡ ግን በየቀኑ ማለት ይቻላል ተለውጧል። ሜይ 24 ሁድ ሲሰምጥ በላዩ ከነበሩት 1,418 ሰዎች የተረፉት 3 ብቻ ናቸው። በዚያው ውጊያ ከሌላው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከፕሪንስ ኦፍ ዌልስ የተተኮሰ ጥይት የቢስማርክን አፍንጫ በስቶ አለፈ፤ ውኃ ገባ፣ ነዳጅ ፈሰሰ፣ መርከቡም በፊቱ በኩል ዘቀጠ። ስለዚህ የዚያን ዕለት ከሰዓት የሚሠራ ሰው ሞዴሉን በውኃው ላይ ደልዳላ አድርጎ ካስቀመጠው ተሳስቷል። ከዚያ ደግሞ እንግሊዞችን ለማታለል ሁለተኛ የውሸት ጭስ ማውጫ ሠርተው ነበር፤ ሳያቆሙት ቀሩ። ዕቅዱን ብቻ አንብቦ የሚሠራ ሰው ያቆመዋል።

ለዚህ ነው ፎቶግራፍ ከሥዕላዊ ዕቅድ ይቀድማል የምለው። ዕቅድ የታሰበውን፣ ፎቶ የነበረውን ያሳያል። ይሁን እንጂ ቀለምን ከጥቁርና ነጭ ፎቶ ስታነቡ ተጠንቀቁ። ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው ፊልም ቀይ ብርሃንን አያይም፤ ቀይ ቀለም ጥቁር፣ ሰማያዊው ደግሞ የነጣ ሆኖ ይወጣል። ፎቶው የተነሣበትን ቀን ሳታጣሩም አትመኑት፤ በመጋቢትና በግንቦት መካከል አንድ መርከብ ራዳሩም ቀለሙም ሊለወጥ ይችላል።

ስለ ዝገት ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። ዛሬ ብዙ ሞዴል ከላይ እስከ ታች ዝገት ይፈስስበታል፣ ዓይን ይስባልና። ቢስማርክ አገልግሎት የጀመረው በኦገስት 1940 ነው፣ የሰመጠው ሜይ 27 ቀን 1941። ዘጠኝ ወር ብቻ! ጎኑ የተቀባውም በዚያው ሳምንት ነበር። አርጅቶ የተጣለ ጀልባ ማስመሰል ውሸት ነው። የብረቱን መጋጠሚያ በጥልቅ መስመር መቅረጽም እንዲሁ፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት በ1:350 ሲሰላ 0.03 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከፀጉር ይቀጥናል። ቀለሙንም ትንሽ አንጡት። ሞዴሉን ከግማሽ ሜትር ማየት እውነተኛውን መርከብ ከ175 ሜትር እንደማየት ነው፤ በዚያ ርቀት ደግሞ አየሩ ቀለምን ያደበዝዛል።

የአንቴናውን ሽቦ እንዴት እንደምሠራ ላሳያችሁ። ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ዘንግ አንድ ጣት የሚያህል እቆርጣለሁ። ከሻማ ነበልባል ከፍ አድርጌ በጣቶቼ አሽከረክረዋለሁ፤ ወደ ነበልባሉ ካስገባችሁት ይቃጠላል። መሃሉ ሲያብለጨልጭና ሲልፈሰፈስ ከእሳቱ አርቄ ትንፋሽ ያህል እጠብቅና እስባለሁ። በፍጥነት የተሳበ ቀጭን፣ በዝግታ የተሳበ ወፍራም ክር ይሆናል። አሥር ጊዜ ስቤ ሁለቱ ካማሩ ጥሩ ቀን ነው።

ሰዎቹን በመጨረሻ ነው የማቆማቸው። በዚህ ልኬት አንድ መርከበኛ 5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። በቢስማርክ ላይ ከ2,200 በላይ ነበሩ፤ ከሞት የተረፉት 115 ያህል ናቸው። ይህን እያሰብኩ ስለማስቀምጣቸው እንዲያው ለማስዋቢያ አልበትናቸውም። የውጊያውን ሰዓት ከመረጣችሁ ወለሉ ላይ ሰው አይቆምም፤ ሁሉም በየመድፉና በየሞተሩ ክፍል ውስጥ ነው።

እኔ አሁን የምሠራው ሜይ 21ን ነው። መስመሮቹ ግማሾቹ ተሸፍነዋል፣ ግማሾቹ ገና ይታያሉ። በጎኑ ላይ በገመድ የተንጠለጠሉ አሥራ አራት ሰዎች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ብሩሽ ይዘዋል። ትናንት ማታ አሥራ አንደኛውን ለጠፍኩ።