ዓይኔ ከአብራሪነት ሊያስቀረኝ ነው

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የ3ኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪና የአሜሪካ አየር ኃይል አር.ኦ.ቲ.ሲ (ተማሪዎች ለመኮንንነት የሚዘጋጁበት ፕሮግራም) ሠልጣኝ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ተዋጊ አውሮፕላን ማብረር ነው። በቅርቡ በተደረገልኝ ምርመራ ያለ መነጽር ቀኝ ዓይኔ 20/100፣ ግራው 20/80 ሆነ። በመነጽር ሁለቱም 20/20 ናቸው። ቀለም መለየቱንና ርቀት መገመቱን አልፌያለሁ። «ዌቨር» የሚሉትን ልዩ ፈቃድ መጠየቅ እንደምችል ተነግሮኛል። አባዬ ግን «ክረምት አዲስ አበባ ሂጂና በሌዘር ተሠሪ፣ ማን ያውቅብሻል?» ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ የፊደል ሰንጠረዡን በቃልሽ አጥኚ ትለኛለች። ምን ይሻለኛል?

አንባቢሽ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህት ዓለም፣

በመጀመሪያ ልብሽ ይረጋ። አየር ኃይሉ ከአብራሪነት አመልካች የሚጠይቀው ያለ መነጽር 20/70፣ በመነጽር 20/20 ነው። 20/100 ማለት ጤነኛ ዓይን ከ30 ሜትር ላይ የሚያነበውን አንቺ 6 ሜትር ድረስ ቀርበሽ ታነቢዋለሽ ማለት ነው። ከወሰኑ ወጥተሻል፤ ግን ብዙ አልራቅሽም። መነጽር አድርገው የሚያበሩ ወታደራዊ አብራሪዎች ሞልተዋል። የቀለሙን ፈተና ማለፍሽ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። እሱን መነጽርም ሌዘርም አያስተካክለውም ነበር።

ዌቨር ልመና እንዳይመስልሽ። ምን ያህል እንደምትመኚ የሚገልጽ ደብዳቤ ብዙም አይረዳሽም። የሚታየው ፋይልሽ ነው። የመነጽርሽ ቁጥር ባለፉት ዓመታት ረግቷል ወይ? የኮርኒያሽ፣ ማለትም የዓይንሽ የፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ቅርጹ ጤነኛ ነው ወይ? ስለዚህ ከመጀመሪያው መነጽርሽ ጀምሮ ያለውን መዝገብ ሁሉ ከዓይን ሐኪሞችሽ ሰብስቢ። ፍላይት ሰርጅኑ፣ ማለትም የአብራሪዎችን ጤና የሚከታተለው የጦሩ ሐኪም፣ ፋይሉን አሟልቶ ወደ በላይ አካል ይልካል። የሚወስኑት እዚያ ያሉት ናቸው።

ሌዘሩም ቢሆን ክልክል አይደለም። ፒ.አር.ኬ የሚባለው የሌዘር ቀዶ ጥገና ይፈቀዳል፤ ሌዚክ የሚባለው ሌላው ዓይነትም ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ ለአመልካቾች ተፈቅዷል። ግን ከቀዶ ጥገናው በፊት የተለካው ቁጥርሽ በወረቀት መገኘት አለበት። ከዚያም ዓይንሽ እስኪረጋ ወራት ይጠበቃል። አዲስ አበባ ጎበዝ የዓይን ሐኪሞች አሉ፣ ችግሩ መደበቁ ላይ ነው። ለአብራሪነት የታጩ ሰዎች ኦሃዮ በሚገኘው ራይት ፓተርሰን የጦር ሰፈር በጥልቀት ይመረመራሉ። የኮርኒያን ቅርጽ የሚያነሳው መሣሪያ በሌዘር የተነካ ዓይንን ያጋልጣል። ያኔ በሕክምና ቅጹ ላይ የፈረምሽው ውሸት ሆኖ ይገኛል፤ አብራሪነቱ ቀርቶ መኮንንነቱም ሊሄድብሽ ይችላል። አባትሽ ይህንን ቢያውቅ ኖሮ አይመክርሽም ነበር። ቁጭ ብለሽ አስረጂው።

የጓደኛሽን ምክር እርሺው። ከሩቅ የሚመጣን አውሮፕላን በጊዜ ያላየ አብራሪ የሌላውንም ሕይወት ይዞ ነው የሚጠፋው። «አርሚ (የምድር ጦሩ) ይቀላል» የሚሉሽ ካሉም አትስሚ፤ እዚያ ያለ መነጽር የሚጠየቀው ይበልጥ ጠበቅ ያለ፣ 20/50 ነው።

ዌቨሩ ባይሳካ እንኳ አብራሪው መሬት ላይ ሆኖ ከርቀት የሚያበራቸው አውሮፕላኖች አሉ፤ ለእነሱ የዓይን መስፈርቱ ላላ ያለ ነው። ይህን ግን አሁን አታስቢው። በዚህ ሳምንት ለፍላይት ሰርጅኑ ደውዪና እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ «አሁን ባለኝ ቁጥር ዌቨር ልጠይቅ ወይስ ሌዘሩን ላስቀድም?» መልሱን ሳትሰሚ ዓይንሽን ማንም እንዳይነካው።