ፍሬቻውን ሳይሆን የፊት ጎማውን እዪ

ሰላም እህታችን። «መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ መብራት የሌለው መስቀለኛ ስደርስ ከወዲያ የሚመጣው ሹፌር ይቁም ይግባብኝ በምን ልወቅ?» ላልሽው፦

ፍሬቻ ላይ አትመኪ። ሳያበራ የሚታጠፍ ሞልቷል፤ ማጥፋት ረስቶ እያብለጨለጨ ቀጥ ብሎ የሚያልፍም አለ። ፊቱንም አትመኚው፤ ወዳንቺ ዞሮ እያለ እንኳ ላያይሽ ይችላል። የማይዋሸው የፊት ጎማ ነው። የቆመ መኪና ሊነሳ ሲል መጀመሪያ የሚታየው የቸርኬው ብሎኖች መዞር ነው፤ ሊታጠፍ ሲልም ጎማው ከቦዲው ይቀድማል። እየመጣ ያለውን ደግሞ አፍንጫውን እዪ፤ ፍሬን ሲይዝ ደፋ ይላል። ካልደፋና ፍጥነቱ ካልወረደ ሊቆም አላሰበም፣ ቅድሚያው ያንቺ ቢሆንም ልቀቂለት።

ረጅም መብራት ብልጭ ካደረገልሽ «እለፊ» ሊሆን ይችላል፣ «መጣሁ» ሊሆንም ይችላል። እኛ ዘንድ ሁለቱም አለ። ፍጥነቱ ሲቀንስ ሳታዪ አትንቀሳቀሺ።

ባጃጅ ከሆነ ሹፌሩን ተዪና የመንገዱን ዳር እዪ፤ እጁን ያነሳ ሰው ካለ ያለ ምንም ምልክት ወደ ቀኝ ይቆርጣል። ሚኒባስ ላይ ረዳቱን ነው፤ በሩን ከፈት ካደረገ መስቀለኛው መሃል ቢሆንም ሊቆም ነው። ተሳቢ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ መጀመሪያ ወደ ግራ ይሰፋል፤ ቀኙ ክፍት መስሎሽ ከገባሽ የኋላ ጎማው ይጨፈልቅሻል። ደብረ ሲና ላይ ደግሞ ከጣርማበር ቁልቁለት የወረደ ጭነት መኪና ፍሬኑ ግሎ ሊሆን ስለሚችል ይቆምልኛል ብለሽ አትገምቺ። ጋሪ ካለ ክላክስ ይቅር፤ ፈረሱ ከደነበረ ባለቤቱም አይዘውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ርቀት ላይ ነው። በ50 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በሰከንድ 14 ሜትር ይጓዛል። ከቆመችበት ተነስታ 7 ሜትር ስፋት ያለው አስፋልት ተሻግራ ጅራቷ እስኪወጣ ለትንሽ መኪና 4 ሰከንድ ያህል ያስፈልጋታል፤ ለመወሰኛ 1.5 ሰከንድ ጨምሪ። ስለዚህ ከ80 ሜትር ቀርቦ ከመጣ አትግቢ። ወደ ግራ ለመታጠፍ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ደግሞ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል፤ ቆላ ላይ የለመድሽውን አነሳስ እዚህ አትጠብቂ። ሞተር ሳይክልና ባጃጅ በትንሽነታቸው ከእውነተኛው የራቁና የዘገዩ መስለው ይታያሉ፤ ለነሱ ተጨማሪ ሰከንድ ስጪ።

ከመግባትሽ በፊት ወገብሽን ወደፊት ወደኋላ አድርጊ። ከፊት መስታወቱ ጎን ያለው ቋሚ ብረት አንድ ሙሉ ባጃጅ ይደብቃል፤ አንቺና እሱ እኩል ስትጠጉ ደግሞ ከብረቱ ጀርባ ሳይወጣ አጠገብሽ ድረስ ይመጣል።

አደባባይ ላይ ቅድሚያው ውስጥ ላለው ነው፤ የሚገባው ሰው ግን ማክበሩን በጎማው አረጋግጪ። ጭጋግ ሲሆን አጭር መብራት አብሪ፣ ረጅሙ መልሶ አንቺኑ ያሳውርሻል።

አንቺንም የሚያነቡሽ አሉ። ቆመሽ ስትጠብቂ ቀስ እያልሽ አትሳቢ፤ ያኛው ሹፌር «ገባች» ብሎ ፍሬን ይረግጣል፣ ከኋላው ያለው ይገጨዋል። ወደ ግራ ለመታጠፍ መሃል ላይ ስትቆሚም መሪሽን ቀጥ አድርገሽ ያዢ። ጎማው አስቀድሞ ከታጠፈ፣ ከኋላ የገጨሽ መኪና ገፍቶ ፊት ለፊት ከሚመጣው ጋር ያላትምሻል።